መካና ውሃዋ፦ ከዘምዘም እስከ ቀይ ባሕር

መካ በሒጃዝ ተራሮች መካከል በሚገኝ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ የተመሠረተች ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ዝናቧም ጥቂት ነው። ቁርኣንም በሱረቱ ኢብራሂም 37ኛ አንቀጽ ሸለቆው አዝመራ የሌለበት መሆኑን ይገልጻል። ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ ከተማ እንዴት ሊቆም ቻለ?

ሰሒሕ አል ቡኻሪ ውስጥ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በተዘገበው መሠረት፣ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ሃጀርንና ሕፃኑን ኢስማዒልን እዚያ ሲተዉ በአካባቢው ሰውም ውሃም አልነበረም። ዘምዘም ከፈለቀ በኋላ በአቅራቢያው ያለፉ የጁርሁም ጎሣ ሰዎች ወፍ ሲያንዣብብ አዩ። ሸለቆው ውሃ እንደሌለው ያውቁ ስለነበር ተገርመው የሚያጣራ ሰው ላኩ። ውሃው በተገኘ ጊዜ አብረዋት ለመስፈር ሃጀርን አስፈቀዱ። እርሷም በውሃው ላይ የባለቤትነት መብት እንደማይኖራቸው ነግራ ፈቀደችላቸው። የመካ ሰፈራ የተጀመረው በዚህ ስምምነት ነው።

ከዘመናት በኋላ ዘምዘም ተደፍኖ ቦታው ተረሳ። ነዋሪው ግን ሌሎች ጉድጓዶችን እየቆፈረ ቆየ። ለሐጃጆች ውሃ ማቅረብ፣ ማለትም ሲቃያ፣ ከቁረይሽ ታላላቅ የክብር ኃላፊነቶች አንዱ ነበር። ይህን ኃላፊነት ይዘው የነበሩት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አያት ዐብዱልሙጦሊብ ዘምዘምን ዳግመኛ ቆፍረው አወጡት።

እስልምና ከተስፋፋ በኋላ የሐጃጁ ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ ጉድጓዶቹም አልበቃ አሉ። በዚህ ጊዜ የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ (በ831 ያረፈች) ከመካ በስተምሥራቅ ካለው ከኑዕማን ሸለቆ ውሃ የሚያመጣ የድንጋይ ቦይ አሠራች። ውሃው በዐረፋ በኩል በራሱ ቁልቁለት እየወረደ ይመጣ ነበር። "ዐይን ዙበይዳ" የተባለው ይህ ቦይ በየጊዜው እየተጠገነ ከ1000 ዓመት በላይ አገልግሏል።

ዛሬ የከተማዋ ነዋሪም ሆነ እንግዳ በብዛት የሚጠቀመው በቀይ ባሕር ዳርቻ በሹዐይባ ጨዉ ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ነው። 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው የዘምዘም ጉድጓድም መስጠቱን አላቋረጠም።

በመጀመሪያ ሰው ውሃን ተከትሎ ወደ መካ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ውሃው ሰውን ተከትሎ ከሩቅ እንዲመጣ ተደረገ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሄደ ሰው ከባሕር በመጣ ውሃ ገላውን ይታጠባል፤ ሐረም ገብቶ ደግሞ ጁርሁሞችን ካሰፈረው ከዚያው ምንጭ ይጠጣል።