ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ እስከ «ታይም»፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ያልተነገረለት ፊልም

የታላላቅ የዜማ ደራሲያን ሕይወት በሲኒማ ተደጋግሞ ተተርኳል። ስለ ሞዛርት የተሠራው «አማዴዎስ» (1984) ስምንት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያፍስ፣ የኖርዌያዊውን ኤድቫርድ ግሪግን ሕይወት በዘፈን ያቀረበው «ሶንግ ኦፍ ኖርዌይ» (1970) ደግሞ በሐያስያን ተብጠልጥሎ ቀርቷል። ዕጣቸው ይለያይ እንጂ መንገዳቸው ይቀራረባል፤ ሕይወቱን አሳይተው ዜማውን ያስከትላሉ። ከዚህ ልማድ የወጣ፣ የደራሲዋን ፊት አንድም ጊዜ ሳያሳይ ሕይወታቸውን ያሰማ ፊልም ግን አለ፤ አሜሪካዊቷ ጋሬት ብራድሊ በ2020 ለተመልካች ያቀረበችው «ታይም»። ደራሲዋም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለጅቡቲ ነዋሪ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር፣ የኋላዋ እማሆይ፣ በስድስት ዓመቷ ገደማ በ1929 ከእኅቷ ከስንዱ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ስትላክ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚያወጣው ዋና በር ይኸው ጣቢያ ነበር። ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ ሰባት መቶ ሰማንያ አራቱ ኪሎ ሜትር ተሳፋሪውን ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያሳደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የደጋ ልጅ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኑ የሚያየው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። እማሆይ ከደረሷቸው ሥራዎች አንዱ «የባሕር ዜማ» ይባላል። የሌላ ባሕር ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ የጅቡቲ ሰው የራሱን ባሕር ቢሰማበት ግን የሚነቅፈው አይኖርም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወት የመሄድና የመከልከል ታሪክ ነው። ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው በ1933 ተመለሱ። በ1937 የፋሺስት ጦር ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት አጋዛቸው። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በለንደን የሙዚቃ አካዳሚ ለመማር ዕድል ቢያገኙም የመውጫ ፈቃድ ተነፈጉ። ይህ ክልከላ የሕይወታቸው መታጠፊያ ሆነ፤ ፒያኖውን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ፣ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሰጡ። በ1984 ኢየሩሳሌም ገብተው፣ በ2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዚያው በገዳም ኖሩ።

የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራቸው ሲወጣ ነው። ያወቃቸው ሁሉ ግን በትክክል ሰማቸው ማለት አይደለም። አንዱ ጃዝ ነው አለ፤ ሌላው ብሉዝ ነው አለ፤ በ2017 በቢቢሲ ሬዲዮ የቀረበ ዝግጅትማ በመጠጥ ቤት ፒያኖ ስም ሰየማቸው። የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ በሥርዓቱ የተማረች፣ የቅዱስ ያሬድንም ዜማ ያጠናች ደራሲ እንደ እንግዳ ነገር መታየቷ ያሳዝናል።

«ታይም» ከዚህ ስሕተት ነፃ ነው። ታሪኩ በባንክ ዝርፊያ ስልሳ ዓመት የተፈረደበትን ባሏን ለማስፈታት ሃያ ዓመት ስለታገለች የስድስት ወንዶች ልጆች እናት ነው። ሴትየዋ ልጆቿ ሲያድጉ በራሷ ካሜራ የቀረጸችው ምስል ከአዲሱ ቀረጻ ጋር በጥቁርና ነጭ ተዋሕዶ ይቀርባል፤ በላዩም የእማሆይ ፒያኖ ይፈስሳል። ሌሎች ባለሙያዎች የጨመሩት ሙዚቃ ቢኖርም ነፍሱ ይህ ፒያኖ ነው። ሐያስያን ፊልሙን ስለ ፍትሕና ስለ እስር ቤት አወድሰውታል፤ ለኦስካርም ታጭቷል። የሙዚቃ ፊልም መሆኑን ግን በቅጡ ያነሣ ጥቂት ነው። ፈቃድ የጠበቀች ወጣት፣ ግሸን ላይ ዐሥር ዓመት የቆየች መነኩሲት ያወጣችው ዜማ ለመጠበቅ ታሪክ መስማማቱ በአጋጣሚ አይመስልም። ዜማው አይቸኩልም፤ ሐረጉን ጀምሮ ቆም ይላል፣ ተመልሶም ያንኑ በሌላ ጣት ይነካዋል። በፍጻሜው ምስሉ ወደ ኋላ ሲጠቀለል፣ ያለፈውን ዘመን የሚመልስ የሚመስለው ከካሜራው ይልቅ ዜማው ነው።

በ2021 ርብቃ ሆል በሠራችው «ፓሲንግ» ውስጥም «ቤት የለሽ ተጓዥ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ሥራቸው ይመላለሳል። ፊልሙ የተመሠረተበት የኔላ ላርሰን ልብ ወለድ የታተመው በ1929፣ የከንቲባ ገብሩ ልጆች በተጓዙበት ዓመት መሆኑ የሚገርም ግጥጥሞሽ ነው።

«ታይም» የሚወቀስበት ነገር ቢኖር የእማሆይን ስም ለመጨረሻው የጽሑፍ ዝርዝር መተዉ ነው። ዝርዝሩን ሳያነብ የሚነሣ ተመልካች የሰማው ኢትዮጵያዊ ፒያኖ መሆኑን አያውቅም። በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ስም የወጣው አልበም ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል፤ እማሆይ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ ያዜሙባቸው፣ በ1977 እና በ1985 መካከል ራሳቸው በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ናቸው። እንደዚያች እናት ሁሉ እርሳቸውም ዘመናቸውን በቤታቸው ቀርጸው አስቀምጠው ነበር፤ «ታይም» ሲሠራ አልበሙ ገና አልወጣም ነበር።