የፍርድ ቤቶች ሚና እና የሕግ የበላይነት በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው አባባል ኅብረተሰባችን ለፍትሕ የሚሰጠውን ክብር በአጭሩ ይገልጻል። በቅሎ ከጭብጦ ጋር በዋጋ አትነጻጸርም። ሆኖም በአግባቡ ተሰምቶ የተረታ ሰው ጉዳቱን ይቀበላል፤ ሳይሰማ የተወሰደበት ግን ኢምንት የሆነውም ነገር ያንገበግበዋል። ፍርድ ቤቶች በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ውስጥ ያላቸው ሚና የሚመነጨውም ከዚህ እውነት ነው። ባለጉዳዩ ተራ ዜጋም ሆነ መንግሥት፣ ተሰምቶ ሲረታ ውሳኔውን እንዲቀበል የሚያደርገው የሕግ የበላይነት ነው።

የሕግ የበላይነት ምንነት

የሕግ የበላይነት ሲባል ዜጎች ሕግ አክብረው ይኖራሉ ማለት ብቻ አይደለም። ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚተረጉመው አካል ጭምር ለሕግ ተገዥ ይሆናል ማለት ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የሀገሪቱ የበላይ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል፤ ዜጎች፣ የመንግሥት አካላት፣ የፖለቲካ ድርጅቶችና ባለሥልጣናት ሁሉ እንዲያከብሩትም ግዴታ ይጥላል። አንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል።

በዴሞክራሲ የአብዛኛው ሕዝብ ድምፅ መንግሥትን ይመሠርታል። የአንድ ሰው መብት ግን በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። ብቻውን የቆመ ሰው፣ ደጋፊ ይኑረውም አይኑረው፣ አቤቱታው የሚመዘንበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ይህ ስፍራ ፍርድ ቤት ነው። በአንቀጽ 37 መሠረት ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው።

የዳኝነት ነፃነት ዋስትናዎች

ፍርድ ቤት ይህን ተግባር ሊወጣ የሚችለው ነፃ ሲሆን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን በፌዴራልም ሆነ በክልል የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን፣ በየትኛውም ደረጃ የሚገኝ የዳኝነት አካል ከማንኛውም የመንግሥት አካል ወይም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ መሆኑን፣ ዳኞችም ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመሩ ይደነግጋል። አንድ ዳኛ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ከፈቃዱ ውጭ ከሥራ የሚነሣው በዲስፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ በሆነ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ብቻ ነው። ይህንንም አስቀድሞ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሊወስን፣ ቀጥሎም የሚመለከተው ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ሊያጸድቀው ይገባል። በተጨማሪም መደበኛ ፍርድ ቤቶችን የሚተካ ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ማቋቋም በአንቀጽ 78 ተከልክሏል።

እነዚህ ዋስትናዎች ለዳኞች ምቾት ሲባል የተሰጡ አይደሉም። ተጠቃሚው ባለጉዳዩ ነው፤ ለአንድ ባለሥልጣን የማይስማማ ፍርድ የሰጠ ዳኛ ወንበሩን የሚያጣ ከሆነ ቀጣዩ ባለጉዳይ ከመሰማቱ በፊት ተረትቷል። በሌላ በኩል ነፃነት ያለ ተጠያቂነት ማለት አይደለም። የዳኛ ስሕተት በይግባኝና በሰበር፣ የሥነ ምግባር ጉድለቱ ደግሞ በጉባኤው ይታረማል እንጂ ከጽሕፈት ቤት በሚመጣ ትእዛዝ አይታረምም።

የአርባ ስምንት ሰዓት ሚዛን

የሕግ የበላይነት በተግባር ከሚለካባቸው ሁኔታዎች አንዱ አንድ ሰው በቁጥጥር ሥር ሲውል ነው። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ አግባብ ያለው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።

የያዘው አካል በተወሰነው ጊዜ ፍርድ ቤት ካላቀረበው፣ የተያዘው ሰው አካላዊ ነፃነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት አለው። ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ተመልክቷል። የተያዘው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው በስሙ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ፍርድ ቤቱም ያሰረውን አካል እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብና እስሩ ሕጋዊ የሆነበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል፤ እስሩ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ ሰውየው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ ይወስናል። የማስረዳት ሸክሙ የታሳሪው ሳይሆን የአሳሪው መሆኑ የድንጋጌው ዋና ቁም ነገር ነው።

መንግሥት ተከራካሪ ወገን ሲሆን

ዜጋ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በእስር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ሲሰረዝበት፣ አገልግሎት ሲከለከል ወይም መመሪያ ሲወጣበት መብቱ ሊነካ ይችላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ሲያወጡና ውሳኔ ሲሰጡ ሊከተሉት የሚገባውን ሥርዓት ወስኗል። በመመሪያው ወይም በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም በአዋጁ በተመለከተው አኳኋን በፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ ክርክር መሥሪያ ቤቱ የሚያሸንፈው በሥልጣኑ ክብደት ሳይሆን በሕግና በማስረጃ ብቻ ነው።

መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ የማረም ሥልጣን የሰበር ችሎት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው የሚገኙ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተደንግጎ ነበር፤ ይኸው መርሕ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ቀጥሏል። ዓላማው ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በተለያየ ችሎት የተለያየ ፍርድ እንዳይሰጣቸው ነው። ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሣ ግን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚያጣራው አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው።

ፍርድና አፈጻጸሙ

ፍርድ ቤት ጦርም ሆነ ግምጃ ቤት የለውም። የፍርዱ ኃይል የሚታየው ሌሎች ሲፈጽሙት ነው። ይለቀቅ የተባለ ሰው ካልተለቀቀ ወይም ይመለስ የተባለ ንብረት ካልተመለሰ፣ ጉዳቱ በአንዱ ባለጉዳይ ላይ አይቆምም፤ ነገ ፍርድ ቤት ሊሄድ ያሰበው ሁሉ ተስፋ ይቆርጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ መብቱን በራሱ ጉልበት ለማስከበር ይነሣሣል። ስለዚህ ፍርድን ማክበር በቅድሚያ የአስፈጻሚው አካል ኃላፊነት ነው። መንግሥት ሲረታ ፍርዱን በመፈጸሙ ሥልጣኑ አይቀንስም፤ ይልቁንም ዜጋው በተራው ሲረታ ፍርዱን እንዲቀበል የሚያስችለውን አመኔታ ይገነባል።