የስፒድዌይ ተወዳዳሪ የብረት ጫማ
ብረትና የቆዳ ማሰሪያ

የቀኙን አይፈልጉ፤ ድሮም ጥንድ አልነበረውም። የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪው ይህን ብረት በግራ ቦት ጫማው ላይ አጥልቆ ያስረዋል። ኩርባው ላይ ሲደርስ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ እያንሸራተተ ይታጠፋል። ዙሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። አራት ሰው አራት ዙር ይሮጣል፤ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ሁሉም ነገር ያልቃል። በሜታኖል የሚሠራው 500 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ፍሬን የለውም። ቸልተኝነት እንዳይመስልዎ፤ ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሰው ከኋላው ለሚመጡት አደጋ ነውና።

እንዲህ ያለ ብረት አጥልቀው ስም ካተረፉ ስኮትላንዳውያን አንዱ ኬን ማኪንሌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ብላንታየር ውስጥ ተወለደ። ውድድርን በግላስጎው ታይገርስ ጀመረ። ክለቡ በ1954 ሲዘጋ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ለሌስተር፣ ከዚያም ለኮቨንትሪ ተሰለፈ። በ1964 ወደ ለንደኑ ዌስት ሃም ገባ። በተከታዩ ዓመት፣ የብሪቲሽ ሊግ በተመሠረተበት የመጀመሪያ ውድድር ዘመን፣ ዌስት ሃም ሊጉንም የጥሎ ማለፉን ዋንጫም ወሰደ። ከኖርዌያዊው ስቬሬ ሃርፌልት ጋር የቡድኑ ምሰሶ ማኪንሌይ ነበር።

ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደጋግሞ ቢደርስም ዘውዱን አላገኘም። የያኔው ፍጻሜ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አምስት ሩጫ ብቻ የሚሰጥ የአንድ ምሽት ውድድር ነበር። የእሱ ብርታት ግን በየሳምንቱ ለክለቡ ነጥብ መልቀም ነበር። በ2003 አረፈ።