የባርናርድ ኮከብና የአንድ ሊቅ ስሕተት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለሰማይ ምርምርም የሚሠራ መሆኑን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ ከሆኑት ከዋክብት አንዱ የባርናርድ ኮከብ ነው። ርቀቱ 6 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ቀይ ድንክ ከሚባሉት ወገን ስለ ሆነ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ያለ ቴሌስኮፕም አይታይም። በድህነት ያደገው አሜሪካዊ ኤድዋርድ ባርናርድ ይህ ኮከብ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በሰማይ ላይ ቦታውን ፈጥኖ እንደሚለውጥ በ1916 ገለጸ።

ከዚያ በኋላ በሆላንድ የተወለደው ፒተር ቫን ደ ካምፕ በአሜሪካ በስዋርዝሞር ኮሌጅ የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ እየሠራ፣ ከ1938 ጀምሮ ኮከቡን በየጊዜው ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። አሳቡም እንዲህ ነበረ፤ ፕላኔት ያለው ኮከብ በፕላኔቱ የስበት ኃይል ወዲያና ወዲህ ስለሚሳብ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ሊሆን አይችልም። 25 ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ በ1963 ከጁፒተር የሚበልጥ፣ ኮከቡንም በ24 ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር ፕላኔት አገኘሁ ሲል አስታወቀ። ብዙ ሰዎችም አመኑት።

ነገር ግን በ1973 ጌትውድና አይክሆርን የተባሉ ሊቃውንት በሌሎች ቴሌስኮፖች የተነሡ ሥዕሎችን ቢመረምሩ ፕላኔቱን አጡት። በዚያው ዓመት የቫን ደ ካምፕ የሥራ ባልደረባ ጆን ኸርሺ በዚያው በስዋርዝሞር ቴሌስኮፕ የተነሡ የሌሎች ከዋክብትን ሥዕሎች ተመለከተ፤ እነርሱም ከ1949 አካባቢ ጀምሮ ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው ተገኙ። ለካስ በዚያ ዓመት የቴሌስኮፑ የሌንስ መያዣ ተለውጦ ኖሮአል! የተናወጠው ኮከቡ ሳይሆን መሣሪያው ነበረ። ቫን ደ ካምፕ ግን እስከ 1982 እንኳ ፕላኔቶቹ አሉ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ በ1995 ዐረፈ።

በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ኮከቡን በ233 ቀን የሚዞር ፕላኔት ታየን አሉ፤ እርሱም በ2021 አጠራጣሪ ሆነ። በመጨረሻ በ2024 በቺሊ ከሚገኝ ታላቅ ቴሌስኮፕ የኮከቡን ብርሃን በረቂቅ መሣሪያ የመረመሩ ሰዎች አንድ ትንሽ ፕላኔት አገኙ። በ2025 ደግሞ በሐዋይ በሚገኝ ሌላ ቴሌስኮፕ ተረጋግጦ ቍጥራቸው አራት መሆኑ ታወቀ። እያንዳንዳቸው ከመሬት ግማሽ ክብደት የሚያንሱ፣ ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜም ኮከባቸውን የሚዞሩ ናቸው። ለኮከቡ እጅግ ስለ ቀረቡ ሙቀታቸው ለሕይወት አይመችም።

እንግዲህ ቫን ደ ካምፕ ልክ ነበረ እንበልን? አይደለም፤ የተገኙት የእርሱ ፕላኔቶች አይደሉምና። ትጋቱ ግን የሚናቅ አይደለም። የጐደለው ሌላውን ሲመዝን የገዛ ሚዛኑን መመርመር ነበር። እኛም ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች በሥራችን ብንሳሳት፣ እንደ ኸርሺ ከገዛ ቤታችን የሚያርመንን ሰው እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወዳጅ ልንቀበለው ይገባናል።