ተያዥ

ቀድሞ በአዲስ አበባ አንድ ባለሱቅ ሠራተኛ በፈለገ ጊዜ፥ ከሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ተያዡ ነበር። ተያዥ የሠራተኛውን ጠባይ የሚመሰክር፥ ገንዘብ ቢጐድልም ከኪሱ የሚተካ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትናን ግዴታ በዝርዝር ደነገገ እንጂ ልማዱን አልፈጠረውም።

ለዚህም መርካቶ ምስክር ናት። የጉራጌ ነጋዴዎች የዘመድ ልጅ ከአገር ቤት አስመጥተው፥ በመጀመሪያ ሱቅ ያስጠርጉታል፤ ቀጥሎ ሚዛን ያስይዙታል፤ ከታመነም በኋላ ሒሳቡን ያስረክቡታል። ደላላ አላስፈለጋቸውም፤ ከእነዚህም ልጆች ብዙዎቹ ኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ይሁን እንጂ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ዘመድ የሌለው ወጣት የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ከደጅ ይቀር ነበር።

ዛሬ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳር፥ በቦሌ አራብሳ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር ሱቅ የሚከፍት ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ጎረቤቱ ከየሰፈሩ የመጣ ስለሆነ ማን ስለ ማን ይመስክር? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ተያዥ ያጣውም ወጣት በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ሚዛኑን ይዞ ይታያል።