በሰው አገር የተጎጂ ጠበቃ መሆን፤ መንገዱና ፈተናው

የልደታው ጠመንጃ ያዥ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የጥንት ወታደሮች መጠሪያ የቀረለት ሰፈር ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ ልደታ ምድብ ችሎት አለ። በመኪና የተገጨ፣ ከሕንፃ ላይ የወደቀ፣ ልጁን በአደጋ ያጣ ሰው ፋይል ይዞ ደጁን ይጠናል፤ ጠበቃውም ከጎኑ ይቆማል። በዲቪ ዕጣ፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ የገቡ የሕግ ምሩቃን ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የተማርኩት ሕግ እዚህ ያገለግለኛል? ጉዳት ለደረሰበት ሰው ልከራከር እችላለሁ?»

አጭሩ መልስ «አዎን፣ ነገር ግን» የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ «ነገር ግን» ላይ ያተኩራል።

ዜግነት ያስፈልጋል?

በአሜሪካ ጠበቃ ለመሆን ዜጋ መሆን ግዴታ የነበረባቸው ስቴቶች ነበሩ። ይህን የለወጠችው ፍሬ ለ ፑል ግሪፊትስ የተባለች የኔዘርላንድስ ዜጋ ናት። የኮኔክቲከት ስቴት ዜጋ ስላልሆነች ብቻ ለጥብቅና ፈተና እንዳትቀመጥ ከለከላት። እርሷም ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነላት።

ከርሷ በኋላ የመጣው የሰርጂዮ ጋርሲያ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነበር። ጋርሲያ በሜክሲኮ ተወልዶ በሕፃንነቱ ካሊፎርኒያ የገባ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ እንደገና በ17 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡለት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ተቀባይነት ቢያገኝም ወረፋው ግን ሊደርሰው አልቻለም። ሕግ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የካሊፎርኒያን የጥብቅና ፈተና አለፈ፤ ፈቃዱን ግን ከአራት ዓመት በላይ ጠበቀ። የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም ተቃወመው። በመጨረሻ የስቴቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጥር 2 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ፈቃዱ እንዲሰጠው ወሰነ። ጋርሲያ ቺኮ በተባለችው ከተማ ቢሮ ከፍቶ ለአካል ጉዳት ተካሾች መከራከር ጀመረ። አረንጓዴ ካርዱን ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ትምህርቱና ፈተናው

የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ስለሆነ መስፈርቱም ይለያያል። አንዳንዶቹ ሦስት ዓመት የሚፈጀውን የጄዲ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ኒውዮርክ ከውጭ አገር ለመጡ ምሩቃን በሩን ከከፈቱት አንዱ ነው፤ ከእንግሊዝ ኮመን ሎው ሥርዓት ውጭ የተማረ አመልካች ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የኤልኤልኤም ትምህርት በአሜሪካ ተከታትሎ ጉድለቱን ሊያሟላ ይችላል። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ በመሆኑ ይህ አንቀጽ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ትምህርት ለፈተናው እንዲቀመጥ ትፈቅዳለች።

የኒውዮርክ ፈተና ሁለት ቀን የሚፈጅ ሲሆን በየዓመቱ በየካቲትና በሐምሌ ወር አካባቢ ይሰጣል። 200 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ከውል ውጭ ኃላፊነትም ከሚፈተንባቸው መስኮች አንዱ ነው። ማለፊያው ከ400 ነጥብ 266 ነው። ከዚህ ሌላ የጠበቆች ሥነ ምግባር ፈተናና የ50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት ይጠየቃል።

እንደ አዲስ የሚማሩት ሕግ

ፈቃዱ ሲገኝ ዋናው ፈተና ይጀምራል፤ ከልደታ ይዘውት የሄዱትን ልማድ መተው ግድ ነው።

አንደኛው የተጎጂው ጥፋት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2098 መሠረት ተጎጂው ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ይቀነስበታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርበትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን ጥቂት ጥፋት ያለበት ተጎጂ በመርህ ደረጃ ምንም ላያገኝ ይችላል። አደጋ እንደደረሰ «እኔም አላየሁም ነበር» ብሎ ለኢንሹራንስ ተወካይ በትሕትና መናገር በአገራችን ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ካሳውን ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው ይርጋ ነው። በእኛ ሕግ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በቨርጂኒያም በመደበኛነት ሁለት ዓመት ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ በሜሪላንድ ሦስት ዓመት ይሆናል።

ሦስተኛው የኅሊና ጉዳት ካሳ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አድርጎታል። በአሜሪካ መጠኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ጁሪ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የወገናችን የሙሉጌታ ሥራው ጉዳይ ነው። ሙሉጌታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በኦሪገን ስቴት፣ ፖርትላንድ ከተማ በዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። አጎቱ እንግዳው ብርሃኑ የሟች ወኪል ሆነው የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ። ጠበቃ ሞሪስ ዲስና ባልደረቦቻቸውም ገዳዮቹን ብቻ ሳይሆን ያነሳሱትን የድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገርን ጭምር ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 ጁሪው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። የተሰበሰበው ከተፈረደው እጅግ ያነሰ ቢሆንም ፍርዱ የድርጅቱን አቅም ሰብሯል።

ክፍያና ሥነ ምግባር

የተጎጂ ጠበቃ በአብዛኛው አስቀድሞ ገንዘብ አይቀበልም፤ ካሳ ሲገኝ አንድ ሦስተኛ አካባቢ በጽሑፍ በተደረገ ውል ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ድሃውም ጠበቃ ያገኛል። ጠበቃው ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች ሆስፒታል ሄዶ የማያውቀውን ቁስለኛ «እኔን ያዝ» ማለት፣ ደንበኛ ላመጣለት ደላላም ድርሻ መስጠት ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ጠበቃ በወዳጅ ወዳጅ ሥራ ሲሰበስብ ብዙ የለፋበትን ፈቃድ ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ አማርኛ የሚችል የተጎጂ ጠበቃ ጥቅሙ ማስተርጎም ብቻ አይደለም። የወገኑ ጨዋነት እንደ ጥፋተኝነት፣ ዝምታው እንደ ስምምነት እንዳይቆጠርበት ሁለቱንም ሕግ አውቆ በጊዜው የሚነግረው ሰው መሆኑ ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ ያላቸው አንባቢያን አደጋ ሲሰሙ ከምንም በፊት ሁለት ነገር ይምከሩ፤ ጠበቃ ሳያማክሩ ለኢንሹራንስ ቃል አለመስጠትና አለመፈረም፣ የይርጋውን ቀን መቁጠር። ቸር ይግጠመን።