የግዕዝ ፊደል በቤት ኮምፒውተር፤ የተበላሸ የሚመስል ጽሑፍን ስለ መለየትና ስለ መመለስ

በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በግዕዝ የተጻፈ ሰነድ በኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ ፊደሉ ተሰውሮ በፋንታው ባዶ ሣጥን፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄ ወይም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ የሚታይበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሦስት ምልክቶች ላልለመደ ዓይን አንድ ጥፋት ቢመስሉም መንሥኤያቸው የተለያየ ነው፤ በመጀመሪያው ጽሑፉ ምንም አልተነካም፣ በሁለተኛው ተሰውሯል እንጂ አልጠፋም፣ በሦስተኛው ግን ፈጽሞ ጠፍቷል። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ባለቤት ምልክቱን ሳይለይ ፋይሉን አርሞ ሴቭ ከማድረግ ሊቆጠብ፣ አስቀድሞም አንድ ኮፒ በሌላ ስፍራ ሊያኖር ይገባዋል። የአባት ኑዛዜ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ በቀብር ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይገኛልና ጥንቃቄው የሚበዛ አይደለም።

የችግሩ ሥር ከኮምፒውተር ይቀድማል። ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ባሳተመ ጊዜ ማተሚያው የፊደሉን ብዛት ሊሸከም ችሎ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና ግን ቁልፉ ጥቂት በመሆኑ፣ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሊቃውንት ፊደሉንና መኪናውን ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። ያው ጥበት በኮምፒውተር ዘመን ተመልሶ መጣ። የቀድሞው ፎንት ከ256 የማይበልጥ መቀመጫ ሲኖረው፣ ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩባቸውም ከ300 በላይ ይሆናሉና፣ የሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን በላቲን ሆሄያት መቀመጫ ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ ፎንት አልበቃ ሲልም ለሁለትና ለሦስት ከፈሉት። እያንዳንዱም መቀመጫውን በየራሱ ሥርዓት ስለ ደለደለ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አልነበብ አለ። መፍትሔው የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ በሰጠው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማናቸውም አገር ባለ ኮምፒውተር 1200 በሚባለው አድራሻዋ ትታወቃለች።

ባዶ ሣጥን ከሁሉ የቀለለው ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ተቀብሎ ሳለ ቅርጹን የሚያሳይበት ፎንት አጥቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ስለ መጣ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህም ኢብሪማ ግዕዝን ስለሚያሳይ፣ ችግሩ በብዛት የሚታየው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶን የመሰለ ነፃ ፎንት አውርዶ፣ በፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ኢንስቶል የሚለውን መምረጥ፣ ፕሮግራሙንም ዘግቶ እንደገና መክፈት ይበቃል።

የላቲን ሆሄ ተዘበራርቆ ሲታይ ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰነዱ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ሲሆን ነው። ሰነዱን በወርድ ከፍቶ፣ ጠቋሚውን በተዘበራረቀው ጽሑፍ መካከል አኑሮ፣ ከላይ የፎንት ስም ወደሚታይበት ሣጥን ቢመለከቱ፣ ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ባይኖር እንኳ ስሙ በዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ቪዥዋል ግዕዝን ወይም ፓወር ግዕዝን የመሰለ ስም ከታየ ምርመራው አለቀ፣ የቀረው ያንኑ ፎንት ማግኘትና መጫን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች በቅን ልቡና የሚሠሩት ስሕተት አለ፤ ጽሑፉን በሙሉ መርጠው ፎንቱን በአዲስ ፎንት ይለውጡታል። ፊደሉ በሁለት ፎንት ተከፋፍሎ የተጻፈ ከሆነ፣ የትኛው ሆሄ ከየትኛው ፎንት እንደ ነበረ የሚነግረው ምልክት በዚህ ይፋቃል፣ ሴቭ ከተደረገም በኋላ የሚመልሰው የለም። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማሻገር የሚቻለው ለዚሁ በተሠራ መለወጫ ፕሮግራም ነው፤ ይህንም ፎንቶቹ እስካሉ ድረስ፣ ሳይዘገዩ ማድረግ ይበጃል። በዋሽንግተንም ሆነ በኢየሩሳሌም ያለ ዘመድ ከአዲስ አበባ የተላከለትን አሮጌ ፋይል ለማንበብ ሊቸገር የሚችለው ፋይሉ የተጻፈበት ፎንት በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ስለማይገኝ ነው።

ሁለተኛው መልክ የሚታወቀው፣ በላይዋ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ በየሦስቱ ምልክት መነሻ ላይ ደጋግማ ስትታይ ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ፣ ንባቡን የሳተ ፕሮግራም ያችኑ አንዷን ሆሄ ይደጋግማታል። ሲኤስቪ የሆነ የስም ዝርዝር በቀጥታ በኤክሴል ሲከፈት ይህ ይዘወተራል። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ በመክፈት ፋንታ፣ ባዶ ኤክሴል ከፍቶ፣ ዳታ ከሚለው ስፍራ ከቴክስት ወይም ከሲኤስቪ ማስገባትን መርጦ፣ የፋይሉን አጻጻፍ 65001 ዩቲኤፍ 8 ቢሉት፣ ስሞቹ አንድም ሳይጎድል ይወጣሉ።

የጥያቄ ምልክት ከሁሉ የከፋ ነው። የኖትፓድ አሮጌ እትም በሴቭ አዝ ገጽ ላይ አንሲ የሚለውን አጻጻፍ አስቀድሞ ይሰጥ ነበርና፣ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ለተሻገረ ሰው ሆሄያቱን በሙሉ በጥያቄ ምልክት ለውጦ ያስቀምጥበታል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ከምልክቱ በስተጀርባ የተረፈ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ኖትፓድ ራሱ ዩቲኤፍ 8ን ያስቀድማል፤ በአሮጌው የሚሠራ ግን በእጁ ሊመርጠው ይገባል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ተስፋ ሌላ ቅጂ ነው፤ በኢሜይል የተላከ፣ በፍላሽ የቀረ፣ በወረቀት የታተመ ይፈለጋል።

ሰነድ ለሌላ ሰው ሲላክ በፒዲኤፍ መላክ፣ ተቀባዩ እንዲያርመው ከተፈለገም ከወርድ ኦፕሽን ውስጥ በሴቭ ሥር ፎንቱ ከፋይሉ ጋራ እንዲያያዝ ማዘዝ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

ከንባብ ችግር ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን እንደ ጥፋት የሚቈጠር ሌላ ጉዳይ ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ፋይል «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል፤ በአማርኛ በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በዩኒኮድ ዘንድ የተለያየ አድራሻ አላቸውና። ጠፋ የተባለው ፋይል በሌላኛው ሆሄ ሲፈለግ ካለበት ስፍራ ይገኛል።